እትዬ ሐምዲያ የሸፈኑት

ሰው ሲሞት አገሬው አስቀድሞ የሚጠራው ሼሁን ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። እኛ ዘንድ ሴት ከሞተች፣ መቃብሩ ሳይቆፈር፣ ለቅሬው ሳይለፈፍ፣ አንድ ሰው ወደ ሮቢ ወንዝ ዳር፣ ወደ እትዬ ሐምዲያ ቤት ይሮጣል። እሳቸው ምን ነካት፣ መቼ አረፈች ብለው አይጠይቁም። ሻሻቸውን ጠበቅ ያደርጉና ከደጃፋቸው ካለው ቁርቁራ ቅጠል ይሸመጥጣሉ፤ ጀናዛ የሚታጠበው የቁርቁራ ቅጠል በገባበት ውሃ ነው። ከዚያ መንገዳቸው ላይ እኔን ይጠሩኛል። እኔ ጠይባ ነኝ፤ ለእትዬ ሐምዲያ አሥራ አንድ ዓመት ውሃ አፍስሻለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ ከሰው አፍ የሰማሁትን አይደለም፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው። ያየሁትን ደግሞ መናገር በነበረብኝ ቀን አልተናገርኩም። ይህን ከአሁኑ እወቁልኝ፤ ኋላ ሌላውን ስሰድብ፣ ይቺ ደግሞ ምን አፍ አላት እንዳትሉኝ።

እትዬ ሐምዲያ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥርሳቸው ፍንጭት የሆነ ሴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከአንድ ልጃቸው ከሷሊሕ ጋር ነው የሚኖሩት፤ እሱ ያርሳል፣ እሳቸው አንዲት ላማቸውን ያልባሉ። ለቀልድ ደግሞ የሚያህላቸው አልነበረም። ሰርግ ላይ ወፈር ያለች ሴት ካዩ፣ አንቺን በሁለት እንስራ ውሃ አልጨርስሽም፣ እባክሽ ክረምት ላይ ሙቺልኝ ይሏታል። ሴትዮዋ ራሷ በሳቅ ትሞታለች። ጀናዛው ካለበት ክፍል ሲገቡ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ሟቿን በስሟ እየጠሩ፣ አሁን ክንድሽን ላነሳ ነው፣ አሁን ወደ ጎን ላዞርሽ ነው እያሉ ነው የሚያጥቧት፣ እንዳትደነግጥባቸው። ለድካማቸው ከአንድ ሳሙና በቀር ተቀብለው አያውቁም።

አንድ ሕግ ነበራቸው። መጀመሪያ ውሃ ያፈሰስኩላቸው ቀን በሩን ዘግተው ነገሩኝ። አጣቢ ያየችውን አታወራም። ቁስል ይሁን፣ የባል ዱላ ምልክት ይሁን፣ የተቀደደ የውስጥ ልብስ ይሁን፣ ማናቸውም ነገር ከዚያ በር አይወጣም። ሟች ራሷን መሸፈን ስለማትችል የምትሸፍናት አጣቢዋ ናት አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከእሳቸው አፍ ስለ አንዲት ሟች አንዲት ቃል ሲወጣ አልሰማሁም። ባሌ ኢብሮ ማታ ማታ እየነካካ ሊያስወራኝ ሲሞክር እኔም ዝም እለው ነበር፤ በዝምታዬ እኮራም ነበር።

እንግዲህ በእኛ አገር ሰው ያለ ቅሬ አይሞትም። ቅሬ የምንቀባበርበት ማኅበራችን ነው። ማሾውና ማሽላው ሲሸጥ እያንዳንዱ ቤት ያዋጣል። በመዋጮው ቃሬዛው ይጠገናል፣ ዶማና አካፋ ይገዛል፣ ለለቅሶ የሚሆን ድስት ይገዛል። ከሁሉ በላይ ግን ለከፈን የሚሆን አቡጀዲ በጣቃ ይገዛል፤ የእኛ መሆኑ እንዲታወቅ ጫፉ ላይ ቀይ ክር ይሰፋበታል። ሀብታምም ሞተ ድሃ፣ ከቅሬው ጣቃ ተቆርጦለት ይከፈናል። ለወንድ ሦስት ጨርቅ ነው። ለሴት አምስት፦ ሽርጡ፣ ቀሚሱ፣ የራስ መሸፈኛው፣ ከዚያ ሁለቱ መጠቅለያ። ሃያ ክንድ ይፈጃል። በቁማችን አንድ ቀሚስ እየተፈራረቅን የምንለብስ ሴቶች፣ ስንሞት ግን በአምስት ነው የምንሄደው እያልን እንመጻደቅ ነበር።

ጣቃው የሚቀመጠው አብዱልሃዲ ቤት ነው። አብዱልሃዲ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ነበር። የቅሬው ዳኛ ሼህ ሳልህ ናቸው፣ ግን የሼሁ ቤት ሣር ነው፣ አይጥ ይገባዋል። የአብዱልሃዲ ቤት ቆርቆሮ ነው፣ በሩ ጓጉንቸር አለው፣ እሱም መጻፍ ይችላል። ስለዚህ የቅሬውም ዕቃ ጠባቂ እሱ ይሁን ተባለ። ማን እምቢ ይላል? ስኳሩን የሚያድለው እሱ፣ ግብሩን የሚሰበስበው እሱ፣ ለዘመቻ የሚመለምለው እሱ። የሞታችንንም ቁልፍ ወስደን ለእሱ ሰጠነው። ማንም አላስገደደንም፤ ሞኝነቱ የራሳችን ነው።

ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ላይ ያ ድርቅ መጣ። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ። ከበላያችን ከማጀቴ በኩል የሚወርደው ሰው አስፋልቱን ሞላው፤ ከረሃቡ ጋር ተቅማጡና ትኩሳቱ አብሮ ወረደ። በሁለት ወር ውስጥ ከቅሬያችን ዘጠኝ ሴቶች ሞቱ።

የመጀመሪያዋ የሼህ ሳልህ እህት ሙሀባ ነበረች። ከአብዱልሃዲ ቤት የመጣው ጨርቅ ሲዘረጋ ሁለት ብቻ ነው። አብዱልሃዲ ራሱ ደጃፉ ድረስ መጥቶ፣ ጣቃው አልቋል፣ ከከተማ እስኪመጣ በዚህ አብቃቁት ብሎ ለእትዬ ሐምዲያ በሹክሹክታ ነገራቸው። አንዲት ወረቀትና የቀለም ቆርቆሮም ይዞ ነበር። የሟች መመዝገቢያ ናት፣ አውራ ጣትዎን ያሳርፉባት አላቸው። አሳረፉ።

ለምን አልጮሁም ትሉኛላችሁ። እዚያው ደጃፍ ላይ እኮ ለቀስተኛው ተቀምጧል! ወንድሟ ተቀምጠዋል! ጨርቅ ጎደለኝ ብሎ መጮህ ሙሀባ ራቁቷን ልትሄድ ነው ብሎ መለፈፍ ነው። እትዬ ሐምዲያ በሩን ዘጉ። የሙሀባን አሮጌ ነጠላ አጠቡና በውስጥ አለበሷት፣ የቅሬውን አቡጀዲ ከላይ ጠቀለሉባት። ወንዶቹ ሲሸከሟት ያዩት ነጭ ነው። የተሸከመ ሁሉ አላህ ይዘንላት እያለ ተሸከመ።

ሁለተኛዋ ስትሞትም ሁለት ጨርቅ። ሦስተኛዋም። አንዷ በቤቷ ነጠላ እንኳ ስላልነበራት የታጠበ ጆንያ ነው ከውስጥ ያለበስናት። ጆንያውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደልና ቁጥር ቆጥሬ ነበር፤ በሁለተኛዋ ሟች ቀን ወረቀቷን ሳያት፣ ከሟቿ ስም አጠገብ «20 ክንድ» ይላል። ለእትዬ ሐምዲያ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ፊታቸው ቀላ። ከዚያ ወደ ለቀስተኛው አዩና፣ አሁን አይሆንም፣ ይሰማሉ፣ ቀብር ይለፍ አሉኝ። ቀብሩ ሲያልፍ ሌላ ቀብር መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ወረቀት ላይ ዘጠኝ ጊዜ አውራ ጣታቸው አረፈ።

ዘጠነኛዋ እናቴ ራቢዓ ናት። ያን ቀን ውሃ ያፈሰሰችው ሌላ ሴት ናት። ለገዛ እናትሽ አንቺ አትገቢም ብለው በሩን በላዬ ላይ ዘጉት።

ነገሩ የወጣው በነጅሙዲን ነው። ነጅሙዲን ሽንኩርት ነጋዴ ነው፣ የቅሬያችን ሰው። አጣዬ ገበያ ላይ የተዘረጋ አቡጀዲ አየ፤ ጫፉ ላይ የቅሬያችን ቀይ ክር አለበት። ሻጩን ከየት አመጣኸው ቢለው፣ ከሮቢት ሰው ገዛሁ ከማለት በቀር አልተነፈሰም። በዚያ ዓመት አቡጀዲ ከማኅበር ሱቅ ጠፍቶ ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነበር። ነጅሙዲን መጥቶ ለሼህ ሳልህ ነገረ፤ ሼሁም ቅሬው ዋርካው ሥር ይሰብሰብ አሉ።

ስብሰባው ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው አብዱልሃዲ እርሻችን ድረስ መጣ። ያኔ መንግሥት ሰውን ወደ መተከል ለሰፈራ ይወስድ ነበር። ወዶ ይሄዳል ይባላል፣ የሚሄደውን የሚጽፈው ግን አብዱልሃዲ ነው። ኢብሮ ድንጋይ ይለቅማል፣ እኔ አጠገቡ ነኝ። አብዱልሃዲ ስለ ዝናቡ ጥቂት አወራና ሊሄድ ሲል እኔን እያየ፣

«ዝርዝሩ ገና አልተዘጋም፤ ሦስት ቤት ይጎድለኛል» አለ።

ኢብሮ ያነሳውን ድንጋይ መልሶ እዚያው አስቀመጠው።

በማግስቱ ዋርካው ሥር ወንዶቹ ተደርድረው ተቀመጡ፤ እትዬ ሐምዲያና እኔ ለምስክርነት ተጠርተን ከፊት ቆምን። አብዱልሃዲ ዓይኑን በጨው አጥቦ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበበ። ዘጠኝ ሴቶች፣ ለእያንዳንዳቸው ሃያ ክንድ፣ መቶ ሰማንያ ክንድ አስረክቤአለሁ፣ የተረከበችው ሐምዲያ ናት፣ አሻራዋ ይኸው አለ። ሟቾቹን በስንት እንደከፈነቻቸው ትንገራችሁ፣ የቀረው አጣዬ ሄዶ እንደሆነም ትንገራችሁ አለ። ተንኮሉን አያችሁልኝ? እንደማይናገሩ ያውቃል! አገር ሁሉ የሚያውቀውን ጨዋነታቸውን ነው ወጥመድ ያደረገባቸው።

ሼህ ሳልህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሐምዲያ፣ ሴቶቹን በስንት ከፈንሻቸው?»

እትዬ ሐምዲያ በዙሪያቸው አዩ። የዘጠኙም ባሎች፣ ወንድሞች፣ ልጆች እዚያው ናቸው። በአምስት ካሉ ቁርኣን ይዘው በሐሰት ሊምሉ ነው፣ የአብዱልሃዲም ሒሳብ ልክ ሊሆን ነው። በሁለት ካሉ ሚስትህ በጆንያ፣ እናትህ በአሮጌ ነጠላ ተቀበረች ብለው በአደባባይ ሊያዋርዷቸው ነው፤ አሻራውም ሌባ ሊያደርጋቸው ነው።

«የሸፈንኩትን አልገልጥም» አሉ። «ጨርቅ ግን አልሸጥኩም።»

ማጉረምረም ሆነ። ሼሁ ቁርኣኑን አቀረቡላቸው፤ አልሸጥኩም ብለው ለመማል እጃቸውን ዘረጉ። አብዱልሃዲ ግን መሐላው በስንት እንደከፈነች ካልተናገረች ዋጋ የለውም አለና አስቆመ። ያን ጊዜ ሼህ ሳልህ ወደ እኔ ዞሩ። አንቺ ውሃ ስታፈሺ ነበርሽ፣ ምን አየሽ አሉኝ።

ሁሉ ነገር በእኔ አፍ ላይ ቀረ። እኔ አጣቢ አይደለሁም፣ ሕጉ እንደ እሳቸው አያስረኝም። ወረቀቱ ላይ ሃያ ተብሎ ሲጻፍ፣ የመጣው ግን ሁለት ጨርቅ ሲሆን አይቻለሁ ብል፣ ያንን ብቻ ብል፣ ነገሩ ይገለበጥ ነበር። እትዬ ሐምዲያ አላዩኝም፤ እንዳያስጨንቁኝ ብለው ነው መሰለኝ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ግን ኢብሮን አየሁ። ኢብሮ እጆቹን ጭብጥ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኗል።

«እኔ ውሃ ነው የማፈሰው» አልኩ። «ጨርቁን ልብ አላልኩም።»

በልቤ ይህን ያልኩት ለእናቴ ክብር ነው፣ በሁለት መቀበሯ እንዳይወራ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ቆየሁ። ውሸት ነው። መተከልን ፈርቼ ነው።

እትዬ ሐምዲያ የጎደለውን እንዲከፍሉ፣ ጥፋታቸውን እስኪያምኑም ከቅሬው እንዲወጡ ተፈረደባቸው። ላማቸው ተሸጠች። ብሩ ምን ሆነ? ለዕቃ ጠባቂው ተሰጠ! ለአብዱልሃዲ! ወላሂ፣ ቆጥሮ ሲቀበል ቆሜ አይቻለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ውሃ ሲቀዱ ሲያገኛቸው መንገድ ይቀይር ጀመር። አጣቢነቱ ለእኔ ተሰጠኝ፤ እኔም ተቀበልኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ዝርዝሩ ተነበበ። ሷሊሕና እናቱ አሉበት። ለሌላው ሰው የቅሬው ሽማግሌ ተሰብስቦ ይለምናል፣ በግ ይታረዳል፣ አንዳንድ ስም ይሰረዛል። ከቅሬ ለወጣ ሰው ማን ይለምናል? የእኛ ቤት አልተጠራም። ኢብሮ አልሃምዱሊላህ ሲል ሰማሁት፤ እኔም ብያለሁ።

መኪኖቹ ሸዋ ሮቢት አስፋልቱ ዳር የቆሙ ቀን የማሽላ ቂጣ ይዤ ሄድኩ። እትዬ ሐምዲያ ከጭነቱ ጎን አንድ የዕቃ ጥቅል ላይ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ከስቶ ፍንጭታቸው ብቻ ቀርቷል። ቂጣውን ተቀብለው ለሷሊሕ ግማሹን ቆረሱለት። እኔ እግራቸው ሥር ወድቄ አውፍ ይበሉኝ እያልኩ አለቀስኩ። ሰው እያየ ነው፣ ተነሺ አሉኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ለኢብሮ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። አውቃለሁ ማለት ግን አውፍ አልኩሽ ማለት አይደለም።»

ይገባኛል። አልተከራከርኩም። ሹፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ ግን የቆየው ነገር ከአፌ ወጣ፤ እናቴን በስንት ከፈኗት አልኳቸው። መጀመሪያ የሚመልሱልኝ አልመሰለኝም። ሕጋቸውን አውቃለሁ።

«በአምስት» አሉ።

ከየት አምጥተው ብላቸው፣ ባላቸው በሕይወት ሳሉ ከደሴ ያመጡላቸው ከፈን ነበራቸው፤ ብዙ ሽማግሌዎች እንደሚያደርጉት ለራሳቸው ቀን አስቀምጠውት ነበር። ለምን ለእናቴ አልኩ። አይተውኝ፣ «ዘጠነኛዋ ነበረቻ። ከዚያ በላይ አላስቻለኝም» አሉኝና ሷሊሕ እጃቸውን ይዞ ወደ መኪናው አወጣቸው።

በሁለተኛው ዓመት ከመተከል ጠፍቶ የመጣ የአገራችን ልጅ አገኘሁ። እትዬ ሐምዲያን ወባ ነው የገደላቸው አለኝ። የሚያጥብ ሴት አልነበረም፤ ሷሊሕ በልብሳቸው ላይ ውሃ አፈሰሰባቸውና ከመንግሥት በተሰጠው ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ቀበራቸው።

የዚያ ዓመት የቅሬ መዋጮ የሚሰበሰብበት ቀን ዋርካው ሥር ሄድኩ። ሴቶችም ወንዶችም አሉ፣ አብዱልሃዲም መዝገቡን ይዞ ተቀምጧል። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ሰፈራው ቆሞ ነበር፣ ዝርዝር የሚባል ነገር አልነበረም። ቆምኩና ዘጠኙን በስማቸው ጠራኋቸው። ሙሀባ በሁለት ጨርቅና በገዛ ነጠላዋ አልኩ። ማን በጆንያ እንደተቀበረች ተናገርኩ። ወረቀቱ ላይ ሃያ ሲባል ማንበቤን፣ ዋርካው ሥር መዋሸቴን፣ እናቴ የማንን ከፈን ለብሳ እንደተቀበረች፣ የከፈኑ ባለቤት እትዬ ሐምዲያ በብርድ ልብስ እንደተቀበሩ፣ ሁሉንም አፌን ሞልቼ ተናገርኩ።

ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። አንድም ሰው አልደነገጠም። አንዱ መሬት ይጭራል፣ አንዱ ልጁን ያዝላል። የሙሀባ ወንድም ሼህ ሳልህ መስበሒያቸውን ፍሬ በፍሬ ይቆጥራሉ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ሁሉም እንደ እኔ አንድ ኢብሮ ነበረው።

አብዱልሃዲ ብድግ ብሎ፣ ጀናዛ አጥባ የሟች ገመና አደባባይ የምታወጣ ሴት በሕጋችን ትቀጣለች አለ። እውነቱን ነው፣ ሕጉ አለ። ሁለት ፍየል ፈረዱብኝ። እትዬ ሐምዲያን ሸፈንሽ ብሎ የቀጣ ዳኛ እኔን ገለጥሽ ብሎ ቀጣኝ፤ ሰውየው ግን መዝገቡን ይዞ እዚያው እንደተቀመጠ ነው። ፍየሎቹን እሰጣለሁ አልኩ። አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ፣ የእትዬ ሐምዲያን ስም ወደ ቅሬው መዝገብ መልሱልኝ፣ ሌባ ተብለው እንዳይቀሩ አልኩ።

ሼህ ሳልህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ጠይባ» አሉኝ፣ «የሞተ ሰው ቅሬ አይገባም።»

ፍየሎቹን በማግስቱ ኢብሮ እየነዳ ወስዶ ለአብዱልሃዲ አስረከበ።